ባለታክሲው በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ

ሃያ ሦስት ታክሲ ያለው ሰው የሚኖርበትን መንገድ ስም አያውቅም ቢባል ማን ያምናል። ጋሼ ግን አያውቅም ነበር። በከተማዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል፤ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈው በዚያው በአንድ ቤት ነው። ደብዳቤ ሲመጣለት ታዲያ ፖስታው ላይ ከስሙ ሥር የተጻፈው ምን እንደሆነ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ቤትህ የት ነው ያለው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «እዚያ ጋ ነዋ። ልብስ ሰፊው ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቅበት ጋ፣ ከሱ ትንሽ ወረድ ብሎ።» ሾፌሮቹ ከፊቱ «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ጋሼ እዚያጋ»። ቅጽል ስሙ ጆሮው ከደረሰ ቆይቷል። አልተቀየመም።

ይበልጥ የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ ሰውየው ባገሩ የጂኦግራፊ መምህር የነበረ መሆኑ ነው። ዛሬም ቢጠይቁት የመቶ ሃያ አገሮችን ዋና ከተማ ሳያዛንፍ ይዘረዝራል። የወንዞችን ርዝመት ያውቃል፤ የትኛው በረሃ ከየትኛው እንደሚሰፋ ያውቃል። ለመንገድ ስም ግን አእምሮው በሩን ከውስጥ ቆልፏል። ባደገበት ሰፈር መንገድ ስም አልነበረውም። መንገድ ማለት ወደ እገሌ ቤት የሚወስድ ነገር ነው፤ እገሌ ከሞተ ደግሞ ወደ እገሌ ሚስት ቤት የሚወስድ። ስም ለሰውና ለደረሰ ነገር ብቻ ሳይሆን ለአስፋልትም እንደሚሰጥ የሰማው ከጎለመሰ በኋላ ነው፤ ሰምቶም አላመነበትም።

ወደዚህች ከተማ ሲመጣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ አንድ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ታክሲ ማጠብ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሌላ ሰው የነዳውን መኪና ጭቃ ሲያጥብ ከረመ። አንድ ጠዋት አንድ ሾፌር ቀረና ሽማግሌው ቁልፉን ወረወረለት።

«መንዳት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ከተማውንስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ። መንዳቱ እውነት ነበር። ስለ ከተማው ግን ዋሸ ማለት ይከብዳል፤ በረሃና ውቅያኖስ ያስተማረ ሰው አንዲት ከተማ ምን ትሆንብኛለች ብሎ ነው። ሽማግሌው የከተማውን ካርታ ሰጠው። ካርታው ሲዘረጋ የአልጋ አንሶላ ያክላል፤ ዘርግቶ ካየው በኋላ መልሶ ማጠፍ አቃተውና የፊት መስታወቱን እንደሸፈነ አንድ አደባባይ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጠቅልሎ ከወንበር ሥር ወሸቀው። ለሁልጊዜው።

የመጀመሪያ ተሳፋሪው ሁለት ሻንጣ የያዙ ባልቴት ነበሩ። አንድ የመንገድ ስም ነገሩት። ስሙ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

«እመቤቴ፣ ከቤትዎ ፊት ለፊት ምን አለ?» አላቸው።

ባልቴቷ በሕይወታቸው እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ትንሽ አሰቡ። «ዛፍ አለ። ሰማያዊ በር አለ። ደግሞ አንድ ሰውዬ አለ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከበቀቀኑ ጋር የሚሰዳደብ።»

«ከወፉ ጋር የሚሰዳደበው? ታዲያ እሱን አይሉኝም ኖሯል» አለና ማርሽ አስገባ። በየቀኑ በእግሩ ወደ ጋራዥ ሲሄድ የሚያልፈው ሰው ነው። ባልቴቷ እስኪወርዱ ድረስ ስለ ሰውየውና ስለ ወፉ፣ ቀጥሎም ስለ ሟች ባላቸው አወሩለት። በማግስቱ ደውለው «ያንን የሚጠይቀውን ሾፌር ላኩልኝ» አሉ።

እንዲህ ሆነ ሥራው። ተሳፋሪ ሁሉ በሩ ላይ ያለውን ነገር ያወራለታል፣ እሱ ደግሞ የሰማውን ለቦታው ስም ያደርገዋል። ፊቱን ያኮሳተረው ሐውልት። ሦስቱ እህትማማቾች፤ አንድ ዓይነት ሦስት ፎቆች ናቸው፣ መካከለኛዋ ትንሽ ዘንበል ያለች። ውሻው የነከሰኝ ጋ። የጥርስ ሐኪሙ የወደቀበት ጋ። የተቃጠለው ዳቦ ቤት። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በእሱ አፍ ተሰየመች፣ እሷ ራሷ ሳታውቅ።

ሽማግሌው ሲደክመው ጋራዡን ለሱ አስተላለፈለት። ሦስት የነበሩት መኪኖች ሰባት፣ ሰባቱ አሥራ አምስት እያሉ ሃያ ሦስት ደረሱ። ሾፌሮቹ በሁለት ፈረቃ ሠላሳ አራት ናቸው፤ ሁሉም የአገሩ ልጆች፣ ሁሉም አዲስ መጥተው በሩን ያንኳኩ። አንዱን ሲቀጥር ሦስት ቀን ከጎኑ አስቀምጦ እየነዳ ከተማውን ይተርክለታል። ትረካ ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ሾፌሩ በአራተኛው ቀን ብቻውን ሲወጣ ስለ ከተማዋ የሃያ ዓመት ሐሜት ያውቃል፣ የአንድ መንገድ ስም ግን አያውቅም። ከአራት ዓመት በፊት የመጣ አንድ ልጅ እግር ሾፌር ተሳፋሪውን «የተቃጠለው ዳቦ ቤት ደርሰናል» ብሎ አውርዶት፣ ሰውየው ባለ አምስት ፎቅ ባንክ ፊት አፉን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። ዳቦ ቤቱ ከተቃጠለ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ልጁ ጭሱን እንኳ አላየም፤ ግን ስለ እሳቱ ሲያወራ እዚያ የነበረ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ቆሞ የሚሄደው በጋሼ ልጅ ነው፤ በሴት ልጁ። ጋራዡ ጥግ ባለችው ባለ መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች። ደንበኛው አድራሻውን በመንግሥት ስሙ ይነግራታል፤ እሷ ትንፋሽ ሳትወስድ ወደ አባቷ ከተማ ትገለብጠውና በሬዲዮ ትለቀዋለች። «ሰባት ቁጥር፣ ከኮስታራው ሐውልት ወደ እህትማማቾቹ፣ መካከለኛዋ ጋ።» ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች ስለምታውቅ አይከብዳትም። በስልክ መንገድ የምታሳየው ድምፅ ስትመጣ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ እፎይ ልል ነው ብላ። ጋሼ አልፈቀደም። «ያቺ ሴትዮ ከመኪናዬ ትውረድልኝ» አለ። «ሁሉንም ሰው በአንድ መንገድ ትነዳለች፣ ደግሞ ስትሳሳት ይቅርታ አትልም።»

ነገሩ የተበላሸው በጠበቃው መኪና ውስጥ ነው። ጠበቃው የተባለው አራት ቁጥርን የሚነዳው አንጋፋ ሾፌር ነው፤ ሕግ አልተማረም፣ ግን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር ያየ ሁሉ የተማረ ይመስለዋል። አንድ ቀን ባለ ሱፍ ሰው አሳፈረ። ሰውየው ወደ መሥሪያ ቤቱ እንዲያደርሰው የመንገዱን ስም ነገረው።

«ጌታዬ፣ ፊት ለፊቱ ምን አለ?» አለ ጠበቃው እንደ ደንቡ።

«ከምኑ ፊት ለፊት?»

«ከመሥሪያ ቤትዎ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲገቡና ሲወጡ ቀና ብለው አላዩም?»

ከዚያ ሬዲዮው ተከፈተ፤ ልጅቱ ለጊዜው ከወንበሯ ተነስታ ኖሮ ስምንት ሾፌሮች በየመኪናቸው ሆነው፣ ሰውየው በማያውቀው ቋንቋ፣ ስለ ሰውየው መሥሪያ ቤት ሩብ ሰዓት ተወያዩ። አንዱ «ፎቁ ምን ዓይነት ቀለም ነው በለው» አለ። ሌላው «ሰውየው ራሱ ምን ይመስላል?» አለ። ሰውየው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ አዲስ ሹም ነበር።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። የድርጅቱ ፈቃድ የተሰጠው ፈተና ከመኖሩ በፊት በመሆኑ፣ ፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ ቀርቦ የከተማውን መንገዶች ማወቁን በቃል ፈተና ያረጋግጥ ይላል። ሁለት ዕድል አለው። ሁለቱንም ከወደቀ ፈቃዱ ይሰረዛል። ወደ ልጁ ስም ላዙረው ቢል፣ ማዞር ማለት ያለውን መልሶ ለአዲስ መሰለፍ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ ስምንት ዓመት ይፈጃል።

ጋሼ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ ጋራዡ ወጣ። ሠላሳ አራት ሾፌር የሚለው ቁጥር አይደለም በዓይኑ የመጣው። ጠበቃው ነው፣ አምስት ልጅ ያለው። ካራቴው የሚሉት ሾፌር ነው፣ ከዚህ ሌላ ማንም የማይቀጥረው። መስታወት ክፍሏ ውስጥ ያለችው ልጁ ናት። ከዚያ ራሱን «ምን ሆነሃል፣ መንገዱን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ» ብሎ አጽናና። ሳያጠና ሄደ።

የፈተናው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ስም ያልተጻፈበት የከተማው ካርታ ተሰቅሏል። ፈታኟ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከሳጥን ውስጥ አሥር ካርድ አወጣች። እያንዳንዱ ካርድ ላይ መነሻና መድረሻ አለ፤ ተፈታኙ በመካከል ያሉትን መንገዶች በስማቸው እየጠራ ይደርሳል። ሰባቱን ያገኘ አለፈ።

«ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወደ ከተማው ሆስፒታል» አለች።

የጋሼ ልብ ረጋ። ይህን እኮ አሥር ሺህ ጊዜ ነድቶታል። «ከጣቢያው ወጥተን ወደ ቀኝ። ኮስታራው ሐውልት ጋ ስንደርስ ወደ ግራ። እህትማማቾቹን እናልፍና የተቃጠለው ዳቦ ቤት ጋ…»

«ይቅርታ። እዚያ አካባቢ የተቃጠለ ዳቦ ቤት የለም።»

«አሁን ባንክ ሆኗል።»

«ታዲያ ባንኩ ጋ ለምን አይሉም?»

«ባንኩ አልተቃጠለማ» አለ ጋሼ፣ ይህን ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ገርሞት።

ፈታኟ ዜሮ ጻፈች። ሁለተኛው ካርድ ዜሮ። ሦስተኛውም። ስድስተኛው ካርድ ወደ አሮጌው ድልድይ የሚወስድ ነበር። «ዝምተኛው ያረፈበት ጋ ወደ ቀኝ» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ትንሽ ወርዶ።

«ዝምተኛው ማነው?»

«አሥራ አንድ ቁጥርን ይነዳ የነበረ ሰው ነው። አብረን ነው የጀመርነው። ልቡን ሲያመው መኪናውን መጀመሪያ ዳር አስያዘ፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራ፤ ዞሮ ተሳፋሪዋን ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ነው የሞተው። ሴትየዋ እንደነገረችኝ ከሆነ እኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።»

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቆይታ አነሳችው። «መንገዱ ግን ስም አለው።»

«አለው። ነገርኩዎት።»

«በይፋ የሚታወቅበት ስም ማለቴ ነው።»

«እሱን አላውቀውም።»

ከአሥር ዜሮ። በወጣትነቱ ለሰው ልጅ ዜሮ ሲሰጥ የኖረ መምህር በስተርጅና የራሱን ተቀበለ። «በእኛ ጊዜ ለሞከረ አንድ እንሰጥ ነበር» አላት።

«ቢፈቀድልኝ እኔም እሰጥዎ ነበር» አለች። ሁለተኛው ፈተና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ልቅሶ ቤት መሰለ። ልጅቱ የመንገዶቹን ስም ዝርዝር አትማ ጠረጴዛው ላይ ከመረችው። ጠበቃው ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ይቅርታ በሚመስል ነገር ይከራከራል፤ «ግን ሰውየው መሥሪያ ቤቱን አለማወቁስ?» ጋሼ ሁለተኛውን ገጽ ሲያነብ አንደኛው ሲጠፋበት አንገቱን ደፋ።

የጋሼ ሚስት ከጓዳ የታጠበ ልብስ ይዛ ወጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታጥፋለች። ሾፌሮቹ እትዬ የሚሏት፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። «ምንድነው የጠየቁህ መጀመሪያ?» አለች ቀና ሳትል።

«ከባቡር ጣቢያ ወደ ሆስፒታል።»

«የወፍጮ ጎዳና፣ የዳኞች ጎዳና፣ ማኅበር አደባባይ፣ የመርከበኞች መንገድ፣ የድሮው ግንብ፣ ሆስፒታል» አለች፤ አንድ ፎጣ አጥፋ ሌላ አነሳች።

ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ነዋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየፌርማታው ጆሮዬ ላይ ሲጠራ።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያስታወሱት። እትዬ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ሄዳ የመጣችው በአውቶቡስ ነው። ባሏ ሃያ ሦስት ታክሲ እያለው ታክሲ አትሳፈርም። ያቅለሸልሻታል። በሠርጋቸው ሰሞን አንድ ጊዜ አሳፍሯት አምስተኛው መታጠፊያ ላይ የሆነውን ሁለቱም አያነሱትም። አውቶቡስ ላይ ግን ምንም አትሆንም፤ እንዲያውም ሹራብ ትሠራለች።

«በይ አስተምሪኝ» አላት ጋሼ።

«ወረቀት አላውቅም እኔ። ነገ ጠዋት ተነስ፣ አብረን እንሳፈራለን።»

«እኔ? አውቶቡስ?»

«አይ፣ ሃያ ሦስቱ መኪናህ ይሳፈር።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ባርኔጣ አጥልቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የኮቱን ኮሌታ አቁሞ ፌርማታው ላይ ቆመ። አለባበሱ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እንዲያየው አደረገ እንጂ አልደበቀውም። አውቶቡሱ ውስጥ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። እግሩ ግን አልተቀመጠም፤ አውቶቡሱ መብራት ጋ በቀረበ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን የያዘ መስሎት። «አሁን እኮ ማለፍ ይችል ነበር» ይላል። «ስፖኪዮውን አያይም እንዴ ይሄ ሰው?» ሹፌሩ በመስታወት ሲያየው ሲያየው ቆይቶ «አባት፣ እኔ ልንዳ ወይስ ይምጡ?» አለው።

መስኮት ማየት ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ከላይ ያለው ድምፅ «የዳኞች ጎዳና» ሲል የጋሼ ዓይን ሐውልቱን ያያል፣ አፉም «ኮስታራው» ይላል። ድምፁ «ማኅበር አደባባይ» ሲል እሱ የጥርስ ሐኪሙን አወዳደቅ ለሚስቱ መተረክ ይጀምራል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ዙር እትዬ መርፌዋን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ጨፍን።»

«ለምን?»

«ስታይ ነው የምትሳሳተው።»

ጨፈነ። የሚገርመው፣ ገባለት። ዓይኑ ሲከደን ሐውልቱም ዳቦ ቤቱም ውሻውም ጠፍተው ድምፁ ብቻ ቀረ፣ አንዱ ስም ሌላውን እየጎተተ። ጂኦግራፊ ያስተማረውም ለካ እንዲህ ነበር፤ አንድም ቀን ያላያቸውን አገሮች። ዓይኑን ሲከፍት ከተማዋ የሱ ናት፤ ሲጨፍን የመንግሥት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይመጡም።

በአራተኛው ቀን አውቶቡሱ መብራት ይዞት ሲቆም አራት ቁጥር ታክሲ ጎኑ ቆመች። ጠበቃው ቀና ሲል አለቃውን በጥቁር መነጽር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ መስኮቱ ላይ ተደግፎ አየ። ሬዲዮው ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ አውቶቡስ ላይ ነው። ዓይኑ ተጨፍኗል። አጠገቡ እትዬ ናት፣ ሹራብ ትሠራለች።» ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ አንዱ ድርጅቱ ተሸጧል አለ፣ ሌላው ሐኪም መኪና ከልክሎታል አለ፣ ካራቴው ደግሞ «ሰውየው አልቆለታል፣ እትዬ ለመጨረሻ ጊዜ ከተማውን እያስጎበኘችው ነው» ብሎ አለቀሰ።

«አባዬ እየተማረ ነው» አለች ልጅቱ በሬዲዮ።

«ምን? አውቶቡስ መንዳት?»

ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሲያልቅ አራት ቁጥር አውቶቡስ፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ተሳፈሩ። አሥራ ስድስት ቁጥር በዝምተኛው መንገድ ያልፋል። ድምፁ እዚያ «የጀኔራሉ ጎዳና» ይላል። እትዬ ሌላውን ስም ሁሉ አፍ አፉን እያየች ሁለት ሁለቴ ታስብለዋለች፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ሹራቧን ትቆጥራለች። ጋሼም አይልም። ሌላውን ሁሉ ሲያጠና ከረመና ያንን አንድ ስም አንድም ቀን ከአፉ ሳያወጣ ፈተናው ደረሰ።

ፈታኟ አወቀችው። ካርዶቹን ስታወጣ «ተዘጋጅተዋል?» አለችው።

«ዓይኔን መጨፈን ይፈቀዳል?»

ደንቡን አሰበች። «የሚከለክል አላየሁም።»

የመጀመሪያው ካርድ ከፍርድ ቤቱ ወደ አበባ ገበያ ነበር። ጋሼ ጨፍኖ እንደ ውሃ አፈሰሰው። ፈታኟ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ በጣቷ እየተከተለችው ነው። ጣቷ ከፍርድ ቤቱ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ የወታደሮቹን ሰፈር ዞረ፣ ወንዙን መልሶ ተሻገረ።

«…ማኅበር አደባባይ። እዚህ እንወርዳለን።»

«ማን ነው የሚወርደው?»

«ማለቴ፣ እንታጠፋለን። ከዚያ የቆዳ ፋቂዎች መንገድ፣ የትምህርት ቤት መንገድ፣ አበባ ገበያ።»

ፈታኟ ጣቷ ያለበትን አየች። «ፍርድ ቤቱና አበባ ገበያው እኮ ጀርባ ለጀርባ ናቸው።»

«አውቃለሁ። በእግር ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ታዲያ ከተማውን ሁሉ ለምን አዞሩኝ?»

«በመካከላቸው ያለችውን መንገድ ስም አላውቀውማ። አውቶቡስ አይገባባትም።»

ፈታኟ ደንቡን አወጣችና አነበበች። መንገዶቹ በትክክለኛ ስማቸው፣ ሳይቆራረጡ ይጠሩ ይላል። አጭር ይሁኑ አይልም። ደንቡን የጻፈው ሰው እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም። ትክክል ብላ ምልክት አደረገች፤ እጇ ግን ሳይወድ ነው። ሦስቱ ካርዶች አውቶቡስ ወደማይደርስባቸው ሰፈሮች ስለነበሩ ወደቀባቸው። ሌሎቹ እየዞሩም ቢሆን ደረሱ። ስድስት ትክክል፣ ሦስት ስህተት። የቀረው አንድ ካርድ ነው።

«ከገበያው ወደ አሮጌው ድልድይ» አለች ፈታኟ።

ጋሼ ጀመረ። የጨው መጋዘን መንገድ። የቀለበት መንገድ። የአሮጌው ፖስታ ቤት መንገድ። ከዚያ ዓይኑ ራሱ ተከፈተ። የአውቶቡሱ ድምፅ በጆሮው ስሙን እየነገረው ነው፤ ዓይኑ ደግሞ አራት ፍሬቻ ሲበራና ሲጠፋ ያያል። ውጭ አግዳሚው ላይ ሚስቱ እንደተቀመጠች ያውቃል፤ ጋራዡ ውስጥ ሠላሳ አራት ሰው ሥራ ፈትቶ ልጁን ከብቦ እንደቆመ ያውቃል። ዝምተኛው ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደነበር አሰበ፤ ምንም አይልም ነበር፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ይጠብቀው ነበር።

«የጀኔራሉ ጎዳና ይላሉ» አለ።

«ይላሉ ነው ወይስ ነው?»

«እናንተ የምትሉት ነው። ስሙን ጠየቁኝ፣ እሱን ነገርኩዎት።»

ፈታኟ ባለፈው ጊዜ ስለ ዝምተኛው ያወራላትን ሳታስታውስ አልቀረችም፤ ምክንያቱም «ይቀጥሉ» ስትል እስክሪብቶዋ ትክክል የሚለው ቦታ ላይ ነበር።

«የሸማኔዎች መንገድ፣ አሮጌው ድልድይ።»

ሰባት። ማኅተሙን ረገጠችለት። ከማኅተሙ ሥር ግን፣ ሕሊናዋ አላስችል ብሏት፣ አንድ መስመር ጨመረች፦ «የመንገዶቹን ስም ያውቃል። በመኪናው መሳፈር ግን አይመከርም።»

«ማን አስጠናዎት?»

«ባለቤቴ።»

«ታክሲ ነጂ ናት?»

«ታክሲ አይስማማትም።»

ፈታኟ መነጽሯን አወለቀች። «ይንገሯት እንግዲህ፤ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሾፌሮቹም ሁሉ ይፈተናሉ። ስንት ናቸው?»

በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ አሥራ አንድ የታክሲ ሾፌር አሳፈረ። እትዬ ከፊት ቆማ ፊቷን ወደነሱ አዞረች። ሹራቧን ትታ መጥታለች። «ጨፍኑ» አለች። አሥራ አንድ ትልልቅ ሰው ጨፈነ። የአውቶቡሱ ሹፌር በመስታወት አይቶ መንዳቱን ቀጠለ፤ ጋሼን ለምዷል። ጋሼ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ያጮለቀ ካለ ይቆጣጠራል።

ለጠበቃው የደረሰው ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር ነበር። ሁለት ፌርማታ ያህል ከድምፁ ጋር ተከራከረ፤ «የወፍጮ ጎዳና ይላል እንጂ ወፍጮ የታል?» በሦስተኛው ላይ ከንፈሩ ነጣ። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ወደ ኋላ ሲነዱት የሚሆነው ሆነ። እትዬ ነገሩን ከማንም ቀድማ አወቀችና ከቦርሳዋ ላስቲክ አውጥታ አቀበለችው፤ ግንባሩንም ያዘችለት። «አይዞህ፣ እኔንም ታክሲ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለችው። «አሁን የት ነን?»

«ማኅበር… አደባባይ» አለ ጠበቃው ከላስቲኩ ውስጥ።

«ጎበዝ።»

በሳምንቱ ልጅቱ መስታወት ክፍሏ ውስጥ ሆና ሬዲዮውን ከፈተች። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ ከእንግዲህ በትክክለኛው ስም መጥራት ልታለማምዳቸው ቆርጣለች። «ሰባት ቁጥር፣ ማኅበር አደባባይ ደንበኛ አለ።»

ጥሪውን ደገመች።

«ሰባት ቁጥር። ማኅበር አደባባይ።»

«እሱን አውቀዋለሁ፣ ቆይ» አለ ሰባት ቁጥር። ዓይኑን ጨፍኖ መሆን አለበት፣ ከኋላው የመኪና ክላክስ ይሰማል። «ቆይ… ዳኞች፣ ከዳኞች ቀጥሎ…»

ልጅቱ ወደ ጋራዡ አየች። አባቷ የአሥራ ዘጠኝ ቁጥርን ጎማ ሲፈትሽ ሬዲዮውን እየሰማ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል መነጋገሪያውን እንድትሰጠው ጠየቃት። የቦታው የድሮ ስም በጥርስ ሐኪሙ ነበር። ጋሼ ግን ትንሽ አሰበና ከተማዋ አዲስ ስም እንደሚገባት ወሰነ።

«ጠበቃው ያስመለሰበት ጋ» አለ።

«እንደሱ አትሉኝም?» አለ ሰባት ቁጥር። ሞተሩ ሲነሳ ተሰማ። ከአራት ቁጥር ደግሞ ተቃውሞ መጣ፤ ጉዳዩ በይግባኝ ይታይልኝ የሚል፤ ሌሎቹ መኪኖች ግን ስሙን ለመልመድ አንድ በአንድ እየደገሙት ነበር።